ቀጭኔን በእጅ ስለ ማብላት

ባለፈው ክረምት ናይሮቢ የሚኖሩት አጎቴ በላንጋታ ወደሚገኘው የቀጭኔ ማእከል ወስደውኝ ነበር። ስፍራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ዓ.ም. የተቋቋመው፥ ዘራቸው ሊጠፋ የተቃረበውን የሮትሺልድ ቀጭኔዎች አራብቶ ወደ ዱር ለመመለስ ነው። ከሰገነቱ ላይ ቆሜ መኖ የያዘ መዳፌን ብዘረጋ፥ አንዲት ቀጭኔ ክንድ በሚያህል ጥቁር ምላሷ ጠርጋ ወሰደችው። እጄ በለሀጭ ተለቀለቀ፤ ቢሆንም ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

አንዳንድ ጓደኞቼ አውሬን በእጅ ማብላት ጨዋታ እንጂ ጥበቃ አይደለም ይላሉ። ለቀጭኔዋ እውነት ነው፤ ቅጠሏን ከግራር ላይ ብትቀነጥስ ይሻላታል። ለእኔ ግን እንዲህ አይደለም። ትንፋሿ እጄን ባይነካው ኖሮ ስለ እርሷ አንድም ነገር ባልጠየቅሁ ነበር። ጠየቅሁና አስጎብኚው «የዚህች የቅርብ ዘመዶች እኮ በእናንተ አገር በጋምቤላ አሉ» ቢለኝ አንገቴን ደፋሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሼ የአገሬን ቀጭኔ ከኬንያዊ ሰማሁ! የኬንያ ተማሪዎች ግን በዚያው ቀን ደብተራቸውን ይዘው ከመምህራቸው ጋር ይማሩ ነበር።

ስለዚህ የትምህርት ቤታችን ክበብ በሚመጣው ዓመት ከሽርሽሩ በፊት ጋምቤላን የሚያውቅ ሰው ጠርቶ ያሰማን እላለሁ። ጥያቄዎቼን ከአሁኑ ጽፌ ይዣለሁ።