ጥንታዊነት ብቻውን ምስክር አይሆንም

በግሪክ ሰዎች የሣቅ ተውኔት ኅዳግ ላይ የተጻፈውን የጥንት ሐተታ ሁሉ እንደ ዓይን ምስክር ቃል የሚቀበሉ ሰዎች አሉ። «የቀደሙ ሊቃውንት ጽፈውታልና እውነት ነው» ይላሉ። ዳሩ ግን ቀድሞ መጻፍ ሌላ፥ አይቶ መጻፍ ሌላ ነው።

አሪስቶፋኒስ «ፈረሰኞች» የተባለውን ተውኔት በአቴና ያሳየው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ424 ዓመት ነው። በተውኔቱ ውስጥ አንድ አገልጋይ፥ ጭምብል ሠሪዎች ከፍርሃት የተነሣ የኃይለኛውን የክሌዎንን መልክ አልሠሩም ብሎ ይናገራል። ሐተታ ጸሐፊው ግን በዚህ ላይ ጨምሮ፥ ደራሲው ራሱ ፊቱን ተቀብቶ ክሌዎንን ሆኖ ተጫወተ አለ። ይህን ማን አየ? የእስክንድርያ ሊቃውንት እነዚህን ተውኔቶች መመርመር የጀመሩት ከ100 ዓመት በላይ ቈይተው ነው። አሪስቶፋኒስ በራሱ ስም ተውኔት ያቀረበው ያን ጊዜ መጀመሪያው ነበረ፤ እንግዲህ «ራሱ አቀረበ» የተባለው ነገር «ራሱ ተጫወተ» ወደ መባል የተለወጠ ይመስላል።

እንዲሁም በ405 ዓመት ስለ ታየው «እንቍራሪቶች» ሲጽፉ፥ እንቍራሪቶቹ ከውስጥ ሆነው ይጮኻሉ እንጂ ለተመልካች አይታዩም አሉ። ይህ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከንባቡ የተገመተ ይሁን ወይም ከተመልካች የተወረሰ፥ ሐተታው አይናገርም።

ይህም ማለት ሐተታው ይጣል ማለት አይደለም፤ የጠፉ ተውኔቶችን ስንኝ፥ የቃላትን ፍችና የውድድርን ዓመት ለኋላ ትውልድ ያቈየ እርሱ ነው። የሚገባው ከመዝገብ የቀዳውን ከገመተው መለየት ነው። ሊቁን ያከበረ ቃሉን ይመረምራል፤ ሳይመረምር የሚደግም ግን የሚያከብረው የገዛ ስንፍናውን ነው።