ቅርጫት መዝገብ ቤት አይደለም

በማሠልጠኛችን ግቢ ሰሞኑን ከምግብ ቤቱ ሰልፍ ቀጥሎ በብዛት የሚወራው ስለ ጠፉት የማስተማር ልምምድ ሪፖርቶች ነው። ያልሰማ ሰልጣኝ ቢኖር ነገሩ እንዲህ ነው፦ የአንድ ምድብ ሰልጣኞች ሪፖርታቸውን ለተጠሪያቸው በኢሜይል ላኩ፤ የተጠሪው ሳጥን ቦታ ሞላበት፤ ተጠሪውም ቦታ ለማስለቀቅ ከባድ ከባድ የሆኑትን መልእክቶች በጅምላ መርጦ ሰረዘ፤ ቅርጫቱንም አብሮ አራገፈው። መምህሩ ሪፖርቱን ሲጠይቁ የተገኘ ነገር የለም። ከዚያን ቀን ወዲህ በየዶርሙ «ማን አጠፋው?» ነው ወሬው።

እኛ ግን ጥያቄው ራሱ ልክ አይደለም ባዮች ነን። መጠየቅ የነበረበት «ሁለተኛው ቅጂ የት ነበር?» ተብሎ ነው። የሰው ጣት ትናንትም ይስት ነበር፤ ነገም ይስታል። ተጠሪውን የግቢ መጠቋቆሚያ ማድረግ ለማንም ሪፖርቱን አይመልስለትም፤ ደግሞስ የምድቡ ሥራ ሁሉ በአንድ ልጅ ስልክ ውስጥ ይቀመጥ ብሎ የወሰነው እሱ ነው እንዴ?

ከኛ በፊት የነበሩት መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች በታይፕ ሲጽፉ ከሥር ካርቦን ያስገቡ ነበር። አንዱ ወረቀት ለባለጉዳዩ፣ አንዱ ለፋይል። «ግልባጭ» የሚለው መስመር እስከ ዛሬም ከደብዳቤ ግርጌ አልጠፋም። ኢሜይል ሲመጣ ግን ካርቦኑን ጣልን፤ በምትኩም ምንም አላስገባንም። «ተልኳል» የሚለውን ቃል እንደ መዝገብ ቁጥር ቆጥረን ዝም አልን።

ለመሆኑ የተሰረዘ መልእክት የት ይገባል? ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ጂሜይልን ስለሆነ በሱው እንናገር። በመጀመሪያ፣ ጠፋ የተባለው ሁሉ ጠፍቷል ማለት አይደለም። በስልክ ላይ መልእክቱን በጣቱ ወደ ጎን የገፋ ሰው ብዙውን ጊዜ «አርካይቭ» ወደሚባለው ማኅደር ሰደደው እንጂ አልሰረዘውም፤ «ኦል ሜይል» በሚለው ክፍል ቢፈልግ ያገኘዋል። በእውነት የተሰረዘው ደግሞ «ትራሽ» በተባለው ቅርጫት ውስጥ 30 ቀን ይቆያል። በነዚህ ቀናት ገብቶ ወደ ሳጥኑ መመለስ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። 30ው ቀን ካለፈ ወይም ቅርጫቱ በእጅ ከተራገፈ ግን ባለቤቱ ከሳጥኑ ውስጥ ቢፈልግ አያገኘውም። ያኔ የሚቀረው ተስፋ ላኪው ዘንድ ነው፤ ላኪው ካልሰረዘው «የተላኩ» በሚለው ክፍል አለ።

ከዚያ ምድብም አብዛኞቹ የዳኑት በዚሁ ነው። ያልዳኑት ሪፖርታቸውን ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አስጽፈው በቤቱ ኢሜይል ያስላኩት ናቸው። እነዚህ ጓደኞቻችን አሁን የልምምድ ሳምንታቸውን ከቃላቸው እንደገና በመጻፍ ላይ ናቸው። በየትኛው ቀን የትኛው ተማሪ ክፍልፋይ እንዳልገባው፣ መምህሩስ ምን ብለው እንዳረሙ እንዴት አድርጎ ይታወሳል? ሪፖርት ከሌለ ደግሞ ውጤት የለም።

«እኔ በስልኬም አለኝ፣ በኮምፒውተርም አለኝ፤ ይኸው ሁለት» የሚሉ አሉ። ሁለት አይደለም። ስልኩም ኮምፒውተሩም የሚያሳዩት ያንኑ አንድ ሳጥን ስለሆነ ከአንዱ የተሰረዘው ከሌላውም ይሰረዛል። አንድን ክፍል በሁለት መስኮት እንደ ማየት ነው፤ ቤቱ ሲቃጠል ሁለቱም መስኮት የሚያሳየው ያንኑ አመድ ነው።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ይህን በቁና ዋጋ ተምረውታል። በየካቲት ወር 2003 ዓ.ም. በጂሜይል ሶፍትዌር ላይ በተፈጠረ ስሕተት ከተጠቃሚዎቹ 0.02 በመቶ፣ ማለትም ከ10,000 ሰው ሁለቱ ያህል፣ ሳጥናቸውን ሲከፍቱ ባዶ ሆኖ አገኙት። ጉግል የመልእክቶቹን ቅጂ በተለያዩ የመረጃ ማዕከላት ያስቀምጥ ነበር፤ ስሕተቱ ግን እነዚያንም ቅጂዎች ነካ። መልእክቶቹ የተመለሱት ከኮምፒውተሮቹ ጋር ሳይያያዝ ከተቀመጠ የማግኔት ቴፕ ነው። ቴፕ! ያ «ጊዜው አልፎበታል» እያልን የምንስቅበት ቴፕ።

ማሠልጠኛችን ቴፕ ይግዛ አላልንም። የምንለው ቀላል ነው። ሪፖርት በኢሜይል ሲሰበሰብ ተጠሪው በዚያው ሳምንት በትምህርት ክፍሉ ዲስክ ላይ ያስገልብጥ፤ ዲስኩም እንደ ሌላው ሰነድ መዝገብ ቤት ይቆለፍበት። ሰልጣኙ በበኩሉ አንድ ቅጂ በፍላሽ ይያዝ፤ ፍላሽም ይበላሻልና በእጁ የጻፈበትን የመጀመሪያ ደብተር ውጤት እስኪለጠፍ አይጣል። ጽሕፈት ቤት የሚያስጽፍ ሰው ፋይሉን ወደ ራሱ ኢሜይልም አስልኮ ይውጣ። ሳጥኑ የሞላበትም ቢሆን ሪፖርት ከመሰረዙ በፊት ቪዲዮዎቹን ይይ፤ ነፃው 15 ጊጋባይት ለኢሜይሉ፣ ለጉግል ድራይቭና ለፎቶው የጋራ ስለሆነ ቦታውን የሚበላው ብዙውን ጊዜ የሠርግ ቪዲዮ ነው፣ ደስ ባይለንም።

ዘንድሮ ለምትመረቁት ደግሞ አንድ ነገር አለን። ጉግል ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ላይ ያልዋለን የግል አካውንት ሊሰርዝ ይችላል። ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ የምትመደቡ፣ የትምህርት ማስረጃችሁን ኢሜይል ውስጥ ብቻ ትታችሁ አትሂዱ፤ ከተማ በወጣችሁ ቁጥርም ከፈት አድርጉት።

የሚቀጥለው ዙር ልምምድ ሪፖርት መሰብሰብ ሳይጀመር የትምህርት ክፍሉ ዲስክ በማን እጅ እንደሚሆንና ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍልን።