የቴያትር ቤት እድሳት

የአንድ ሕንፃ እድሳት መልካም መሆኑ የሚታወቀው በቀለሙ ማማር ሳይሆን፣ የተሠራለት አገልግሎት ጸንቶ በመገኘቱ ነው። በንጉሥ ኢዮአስ ዘመን ካህኑ ዮዳሄ ቤተ መቅደሱን ለመጠገን በመሠዊያው አጠገብ ሣጥን ባኖረ ጊዜ፣ የተሰበሰበው ገንዘብ ለአናጢና ለግንበኛ እንጂ ለብር ዕቃ አለመዋሉ ይህንኑ ያስረዳል።

በአገራችንም ምሳሌ አለ። ጠላት በወረራው ዘመን በአዲስ አበባ ሲኒማ ማርኮኒ ብሎ የጀመረው ሕንፃ ሳያልቅ ቀርቶ ነበር። በኋላ ግን በፈረንሳዊው አንሪ ሾሜት ንድፍ ተሻሽሎ፣ በ1948 ዓ.ም. ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ የ25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል ቴያትር ቤት ሆኖ ተከፈተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴያትር ይባላል። የወራሪ ጅምር ለአገር ቋንቋና ታሪክ መድረክ መሆኑ የሚመሰገን ነው።

ዳሩ ግን የከተማ ቦታ ዋጋው በናረ ቁጥር፣ አሮጌውን ቤት ለንግድ የማዋል ምኞት ይበረታል። ተዋናዩ መለማመጃ ካጣ፣ ድኻውም የመግቢያ ዋጋ መክፈል ካቃተው፣ ግድግዳው ቢቆምም ቴያትር ቤቱ ፈርሷል። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይታደስ የደነገገውም ለዚህ ዓይነቱ ጥፋት መከላከያ እንዲሆን ነው።

እንግዲህ በማጂ፣ በሚዛን አማንና በቴፒ ከተሞችን ከቡናው በረከት የሚያለሙ ሹማምንት፣ አሮጌ አዳራሽ ከመንካታቸው አስቀድሞ ሕዝቡን ምን ሲያገለግል እንደ ኖረ ይመርምሩ። የአባቶችን ሥራ የሚያውቁ ካህናትም ምክራቸውን አይንፈጉ። የፈረሰ ግንብ ዳግመኛ ይሠራል፤ የተቋረጠ አገልግሎት ግን በቀላሉ አይመለስም።