ክኒኑ ይዋጣል ወይ?

በየቤታችን ፓራሲታሞል አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ ያለው ግን ባለ 500 ሚሊግራሙ ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በአንድ ጊዜ የሚያስፈልገው ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም ብቻ ነው። እናት ታዲያ ክኒኑን በቢላ ትቆርሳለች፣ በማንኪያ ትፈጫለች፣ ስኳር ትጨምርበታለች። ልጁ ግማሹን ይተፋዋል። ስንት እንደገባ ማን ያውቃል? ካነሰ ትኩሳቱ አይበርድም፤ ከበዛና ከተደጋገመ ደግሞ ጉበት ይጎዳል። ሽሮፕ አለ አይደል እንዴ ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ የሻይ ማንኪያው ልክ ግን ከቤት ቤት ይለያያል።

በውሃ የሚሟሟ ክኒን እኮ አዲስ ነገር አይደለም። ለተቅማጥ የሚሰጠውን ዚንክ ከጤና ጣቢያ ያመጣ ያውቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ባወጣው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ላይም ባለ 100 ሚሊግራም የሚሟሟ ፓራሲታሞል ተጽፏል። እኔ የምለው፣ መድኃኒት ሲሞከር "ሕመሙን አስታገሰ ወይ?" ተብሎ ብቻ አይታለፍ። ሕፃኑ ዋጠው ወይ? መረረው ወይ? ክኒን ጉሮሯቸው ላይ የሚቀርባቸው አዛውንትስ ቻሉት ወይ? ይህም ይለካ፤ አምራቾችና አስመጪዎችም በዚህ ይጠየቁ።

እስከዚያው ፋርማሲ ስትገቡ የልጁን ኪሎ ተናገሩ። ባለሙያ ሳትጠይቁም ክኒን አትፍጩ፤ ቀስ ብለው እንዲሠሩ የተዘጋጁት ከተፈጩ የብዙ ሰዓቱን መጠን በአንዴ ይለቃሉ።