አዲሷ ነርስ «ቆይ ልጠይቅ» ስትል አትቆጧት

ዛሬ ስለ በሽታ ሳይሆን ልጃችሁን ስለምታክመው አዲስ ተመራቂ ነርስ ላውራችሁ።

እኛ ባቲ ሰኞ ገበያ ነው። ከቆላውም ከደጋውም ሕዝቡ ሲመጣ ጤና ተቋማትም አብረው ይጨናነቃሉ። «ፋጡማ መሐመድ!» ተብሎ ሲጠራ ሁለት ሦስት ሰው ቢነሳ አይገርምም። ስለዚህ ነርሷ ስም እስከ አያት፣ ዕድሜም ደግማ ስትጠይቅ «ስንቴ ልንገርሽ?» አትበሏት። መድኃኒቱ የሌላ ልጅ እንዳይሆን እያጣራች ነው።

የልጆች መድኃኒት የሚሰላው በክብደት ነው። ለምሳሌ ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። 10 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም ማለት ነው። በስሌቱ ላይ አንዲት ነጥብ ቦታዋን ብትስት መጠኑ አሥር እጥፍ ሊሆን ይችላል። ነርሷ «ቆይ ልጠይቅ» ብላ ወደ ባልደረባዋ ብትሄድ ሥራዋን በአግባቡ እየሠራች ነው። እኔን የሚያሰጋኝ እርግጠኛ ሳይሆን አፍሮ የማይጠይቅ ባለሙያ ነው።

ስህተት የጀማሪ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. የመድኃኒት ስህተትን ለመቀነስ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ሲጀምር፣ ድካምን፣ መጨናነቅንና የሠራተኛ እጥረትን ከምክንያቶቹ መካከል ጠቅሷል።

በስድብ የተቀበልናት ነርስ በሌላ ጊዜ ስህተቷን ትደብቃለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ስህተትም እንደዚያው ነው። በጊዜ ከተነገረ ልጁን ተከታትለን ማከም እንችላለን።

ይህ ማለት ግን ዝም በሉ ማለት አይደለም፦

✅ የልጃችሁን ክብደትና የማይስማማው መድኃኒት ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ።
✅ «ይህ መድኃኒት ምንድን ነው? ለምን ይሰጠዋል?» ብላችሁ ጠይቁ።
✅ ደጋግማ ሞክራ የደም ሥር ካጣች ልምድ ያለው ሰው እንዲያግዛት በትሕትና ጠይቁ።
✅ ስህተት ከተፈጠረ ምን እንደተሰጠው እንዲነገራችሁና ካርዱ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ። ቸልተኝነት ካያችሁ ለተቋሙ ኃላፊ አመልክቱ።

ከእናንተ መካከል ልጁን በነርስነት ያስመረቀም አለ። ከአዳር ተረኛነት እያለቀሰች መጥታ «ይህን ሙያ አልችለውም» ብትላችሁ መጀመሪያ አዳምጧት።

አንቺም እህቴ፣ ከተሳሳትሽ ቅድሚያ ታካሚውን እዪ። ወዲያው ሐኪም ወይም ኃላፊሽን ጥሪ፣ የሆነውንም እንዳለ ጻፊ። ሁለቴ እንድታጣሪ የሚያደርግሽ ፍርሃት ይጠቅምሻል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍና ምግብ ከነሳሽ፣ ወይም መኖር ካስጠላሽ ግን ብቻሽን አትሸከሚው፤ ሳትውይ ሳታድሪ ለምታምኚው ሰው ንገሪና ሕክምና አግኚ። ነርስም ታካሚ መሆን ትችላለች።

ለሌሎች ወላጆችም አጋሩ።