ቀብድ ውል ያስራል ወይስ ይፈታል?

መርካቶ ውስጥ "ቀብድ ተበልቶበታል" ከተባለ ዕቃው እንደተሸጠ ይቆጠራል። ደላላው ኮሚሽኑን ያሰላል፣ ገዢው የጭነት መኪና ያፈላልጋል፣ ሻጩም ለሌላ ጠያቂ "ሄዷል" ይላል። ሕጉ ግን ጉዳዩን እንዲህ አያየውም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ሽያጭን በተመለከተ ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ መሆኑን ይደነግጋል። እስከዚህ ድረስ ገበያውና ሕጉ አንድ ናቸው። ወረድ ብሎ በቁጥር 1885 ነገሩ ይገለበጣል። ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ካላደረጉ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ የተቀበለውም እጥፉን መልሶ ማፍረስ ይችላል። ነጋዴው ማሰሪያ ብሎ የቆጠረው ገንዘብ በሕጉ ዘንድ የመውጫ ዋጋ ነው ማለት ነው።

ዋጋ በረጋበት ጊዜ ይህ ብዙ ሰው አይጎዳም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ግን፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ባለው ጊዜ ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ምን ያሰላል? ለምሳሌ 2 ሚሊዮን ብር ለሚያወጣ ፌሮ 50 ሺህ ብር ቀብድ ተቀብሏል እንበል። የፌሮው ዋጋ 20 በመቶ ቢጨምር ዕቃው 400 ሺህ ብር አተረፈ። ሻጩ 100 ሺህ ብር ቆጥሮ ቢመልስ ግማሹ ድሮም የገዢው ገንዘብ ነው፤ ከኪሱ የሚወጣው 50 ሺህ ብቻ ነው። 350 ሺህ ብር ይዞ ይሄዳል፤ ሕግም አልጣሰም። "እጥፍ" የሚለው ቃል ለጆሮ ከበድ ይላል እንጂ ለካልኩሌተር ቀላል ነው። እጥፉን እንኳ በወጉ የሚመልሰው ስንቱ ነው? "ዕቃው ጉምሩክ ላይ ተያዘ" ተብሎ ያስያዘው ብቻ ሲመለስለት አመስግኖ የሚሄደው ገዢ ጥቂት አይደለም።

የሚያስገርመው ደግሞ ምንም ቀብድ ያልሰጠ ገዢ አንዳንድ ጊዜ የተሻለ መብት ያለው መሆኑ ነው። ተራ ዕቃ ለመሸጥ ሕጉ የጽሑፍ ውል ግድ አይልም፤ የቃል ውልም ማስረዳት ከተቻለ ይጸናል። በዚህ ውል ሻጩ እምቢ ቢል ርካሽ መውጫ የለውም፤ በውሉ ዋጋና በገበያው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት በኪሣራ ሊጠየቅ ይችላል። ትንሽ ቀብድ የጣለ ሰው ማስረጃ ገዛ፣ ይህን መብት ግን ሳያውቀው ሸጠ።

"ዕቃውን ራሱን አስረክበኝ" ማለትም ሁልጊዜ አይቻልም። ሕጉ በቁጥር 2330 ተመሳሳይ ዕቃ ያለ ብዙ ችግርና ወጪ ከሌላ ቦታ መግዛት ለሚችል ገዢ ይህን መብት አይሰጥም። ፌሮ፣ ሲሚንቶና ስኳር እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ናቸው። ሻጩ ያንኑ ዕቃ ለሁለተኛ ሰው ካስረከበም፣ የተራ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ባለቤትነት የሚተላለፈው በርክክብ ነውና፣ የመጀመሪያው ገዢ የያዘው የቀብድ ደረሰኝ ምንም ሳያውቅ በቅን ልቦና ከተረከበው ሰው ላይ ዕቃውን አያስነጥቅም።

ስለዚህ ጥፋቱን በሕጉ ላይ መጫን አይገባም። ሕጉ "ሌላ ካልተስማሙ በቀር" ብሎ በሩን ክፍት ትቷል። በሩን የማይዘጋው "ቀብድ ጣልና ዕቃው ያንተ ነው" የሚለው ደላላና የሚያምነው ነጋዴ ነው። ከስቴሽነሪ በሚገዛ ደረሰኝ ላይ "ለቀብድ" ብሎ ከመጻፍ ይልቅ "ይህ ገንዘብ ከዋጋው የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ ማንኛውም ወገን ቀብድ በመልቀቅ ወይም እጥፍ በመመለስ ውሉን ማፍረስ አይችልም" የሚል አንድ መስመር ይበቃል። የማስረከቢያውን ቀንና የመቀጫውን ልክ መጨመር ደግሞ የበለጠ ነው፤ መቀጫው ዋጋው ሊጨምር ይችላል ተብሎ ከሚገመተው ማነስ የለበትም።

መስመሩ የሚጠቅመው ገዢን ብቻ አይደለም። ዋጋ ሲወርድ 50 ሺህ ብሩን ጥሎ የሚጠፋው ገዢ ነው፤ መጋዘን ኪራይና የባንክ ወለድ የሚቆጥረው ሻጭ ያን ጊዜ ይህንኑ መስመር ይፈልገዋል። እንዲህም ሆኖ ገበያው ሲጨምር ሳለ ይህን ለመፈረም የሚያመነታ ሻጭ አይጠፋም። ማመንታቱን ግን ገዢው ብሩን ቆጥሮ ከማስረከቡ በፊት ያየዋል።