የዕፅ ምርመራ አለብኝ ብላችሁ መድኃኒታችሁን እንዳታቋርጡ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ፦ «ዶክተር፣ ለሥራ የሽንት ምርመራ ታዝዣለሁ፤ የምወስደው መድኃኒት ዕፅ ሆኖ ይወጣብኝ ይሆን?» አጭሩ መልስ፦ አንዳንዱ ሊወጣ ይችላል። ረጅሙን ዛሬ ልጽፈው የተነሳሁት ግን አንዳንዶቻችሁ የምትጠይቁኝ መድኃኒቱን ካቆማችሁ በኋላ ስለሆነ ነው።

የምሠራው ጎሮ ነው። ኤርፖርቱ ቅርብ ነው፣ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክም ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ የቅጥር ምርመራ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ከእነሱ አንዱ ወጣት ሾፌር ነበር (እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ)። ሌላ ቦታ ሽንቱ በማሽን ተመርምሮ «ኦፒየት ፖዘቲቭ» ተብሏል። ኦፒየት ማለት የእነ ሞርፊንና ሄሮይን ወገን ነው። ልጁ ሲጋራ እንኳን አያጨስም። «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ስለው ዝም አለ። ቆይቶ፣ የቲቢ ሕክምና ከጀመረ ሁለተኛ ወሩ እንደሆነ ነገረኝ፤ ለቀጣሪዎቹ አልተናገረም። ቀጥሎ የጠየቀኝ ነው ያስደነገጠኝ፦ «ኪኒኑን ሁለት ሳምንት ባቆመውና ደግሜ ብመረመርስ?»

አይሆንም! ከቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን (ሽንትን ብርቱካንማ የሚያደርገው) በአንዳንድ የምርመራ ዘዴዎች ኦፒየት መስሎ እንደሚታይ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ሳይቀር ተጽፏል። የሚስተካከለው ወረቀቱ ነው እንጂ ሕክምናው አይደለም። የ6 ወሩን የቲቢ ሕክምና መሀል ላይ ያቋረጠ ሰው መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሊይዘው ይችላል፤ ለቤተሰቡም ያስተላልፋል። ለአንድ ሥራ ተብሎ የሚከፈል ዋጋ አይደለም።

ለምን እንዲህ ይሆናል? የመጀመሪያው ምርመራ «ማጣሪያ» ነው የሚባለው። በውስጡ ያለው አንቲቦዲ ንጥረ ነገሩን የሚለየው በቅርጹ ነው። ማታ ላይ ጋቢ ተከናንቦ የሚሄድን ሰው ከሩቅ አይታችሁ «አጎቴ!» ብላችሁ ተጣርታችሁ አታውቁም? እንደዚያው ነው፤ ቀርቦ ፊቱን ማየት ያስፈልጋል። ፊቱን የሚያየው ሁለተኛው፣ ማስ ስፔክትሮሜትሪ በሚባል መሣሪያ የሚሠራው የማረጋገጫ ምርመራ ነው። ውድ ነው፣ ሁሉም ላብራቶሪ ጋ አይገኝም። ለዚህም ይመስለኛል ብዙ ቦታ ማጣሪያው እንደ መጨረሻ ፍርድ የሚቆጠረው።

ሪፋምፒሲን ብቻውን አይደለም። የሲፕሮ ቤተሰብ የሆኑት ሊቮፍሎክሳሲንና ኦፍሎክሳሲንም በኦፒየት ምርመራ ላይ እንዲሁ ሊያሳስቱ ይችላሉ። ሱዶኤፌድሪን ያለበት የጉንፋን መድኃኒት፣ ለማስታወክና ለአለርጂ የሚሰጠው ፕሮሜታዚን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዘው ክሎርፕሮማዚን አምፌታሚን መስለው ሊታዩ ይችላሉ። ለድብርት የሚሰጠው ሰርትራሊን የእነ ዳያዜፓምን ወገን ይመስላል። ፓንቶፕራዞል የሚባለው የጨጓራ መድኃኒት ደግሞ ካናቢስ መስሎ የታየበት ጊዜ አለ። ይሄ ሁሉ በየምርመራው ዓይነት ይለያያል፤ መድኃኒቱን የወሰደ ሁሉ ፖዘቲቭ ይሆናል ማለት አይደለም።

ኤፋቪረንዝን ለብቻው ያስቀመጥኩት በምክንያት ነው። በአንዳንድ ምርመራ ካናቢስ ይመስላል። አሁን አብዛኛው ታካሚ ወደ ዶሉቴግራቪር ተዛውሯል እንጂ ለዓመታት ብዙ የኤችአይቪ ታካሚዎቻችን በየማታው የሚውጡት መድኃኒት ነበር። እስቲ አስቡት፦ «ጋንጃ አላጨስኩም» ብሎ ለማስረዳት ሰውየው ለኤችአር ምን መናገር ሊኖርበት ነው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ከሚያዛቸው የጤና ምርመራዎች የኤችአይቪን ለይቶ አውጥቶታል። «የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ዘርዝር» የሚል ፎርም ኤችአር ጠረጴዛ ላይ ሲሞላ ግን ያ ምስጢር በጓሮ በር ይወጣል። እንደኔ እንደኔ፣ ይህን ጥያቄ መጠየቅ ያለበት ሐኪም ብቻ ነው፤ በሩ ተዘግቶ። ለቀጣሪ መድረስ ያለበት የመጨረሻው ውጤት ነው እንጂ የመድኃኒት ዝርዝር አይደለም።

አይቻልም አትበሉኝ። አሜሪካ ከባድ መኪና የሚነዱ ወንድሞቻችንን ጠይቁ። እዚያ በፌደራል ሕግ የሚደረግ የሾፌር ምርመራ ፖዘቲቭ ሲሆን ውጤቱ መጀመሪያ የሚሄደው ለዚሁ ለተመደበ ሐኪም ነው። ሐኪሙ ለሾፌሩ ደውሎ የሚወስደውን መድኃኒት ያጣራል፣ ከዚያ በኋላ ነው አሠሪው የሚሰማው። ናሙናው ገና ሲወሰድ ለሁለት ይከፈላል፤ ሾፌሩ ውጤቱ ከተነገረው በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ሁለተኛው ብልቃጥ ሌላ ላብራቶሪ እንዲመረመርለት መጠየቅ ይችላል። (ነገሩን ካነሳን አይቀር፦ በ1998 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር የኦፒየትን የማጣሪያ መጠን ከ300 ወደ 2000 ናኖግራም ከፍ ያደረጉት በኦፒየም ተክል ፍሬ ምክንያት ጭምር ነው። ፍሬው ዳቦ ላይ ይነሰነሳል፤ ቁርሱን የበላ ሰው ሁሉ ተጠርጣሪ ሆኖ ነበር!)

አሁን ደግሞ የማይወደድ ነገር ልናገር። ሁሉም ፖዘቲቭ ስህተት አይደለም። ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ የጠጣ ሰው ሽንት ውስጥ ሞርፊን በትክክል ይገኛል፤ ማረጋገጫውም ያገኘዋል፤ ያኔ የሚያድናችሁ የሐኪም ማዘዣ ነው። ጫት ውስጥ ያሉት ካቲኖንና ካቲንም የአምፌታሚን ዘመዶች ናቸው። እኛ ጋ የተፈቀደ ነው፣ ዓረብ አገርና አሜሪካ ግን አይደለም። «መድኃኒት ነው ያሳሳተብኝ» ብላችሁ እኔ ጋ ብትመጡ ይህንንም እጠይቃችኋለሁ፣ አትቀየሙኝ።

ምርመራ ያለባችሁ እንግዲህ የመድኃኒቱን ማሸጊያና ማዘዣውን ይዛችሁ ሂዱ። ናሙና ከመስጠታችሁ በፊት ለባለሙያው ለብቻው ንገሩት። ፖዘቲቭ ከተባላችሁ የምርመራውን ስም ጠይቁ፣ ማጣሪያ ወይስ ማረጋገጫ መሆኑን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ያው የሰጣችሁት ሽንት እንዳይደፋና ማረጋገጫ እንዲሠራለት ጠይቁ። ከሳምንት በኋላ የምትሰጡት አዲስ ናሙና ኔጌቲቭ ቢሆን እንኳ የመጀመሪያውን አያስተባብልላችሁም፤ «አቁሞ መጣ» ነው የሚሉት። የዛሬዋን ኪኒናችሁን ደግሞ በሰዓቷ ዋጡ።